ሁለት ጊዜ የተገዛችው መኪና

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብ ክፍሉ የቀረበ ንግግር

ንግግሩን በኽምጣና የምትመልስልን እኅታችን አጠገባችን ስላለች ያልገባችሁ ነገር ካለ እጃችሁን አንሡ። ስለ ሞተር ስናወራ እኛም ገና ተማሪዎች ነን።

ዛሬ የቆምነው ስለ መኪናዋ ልንነግራችሁ ነው። በገበያም፣ በማኅበርም፣ በለቅሶ ቤትም ሳይቀር «የሴቶቹ መኪና ሁለት ጊዜ ተገዛች» እየተባለ እንደሚወራ ሰምተናል። አንድ ለጋሽ ድርጅትም በደብዳቤ ጠይቆናል፤ በሽያጭ ውሉ ላይ ያለው ዋጋና በመዝገባችን ላይ ያለው ዋጋ ለምን ተለያየ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንነሣ።

መኪና ለምን እንዳስፈለገን ታውቃላችሁ። የደሃናና የጋዝጊብላ አባሎቻችን ማር ሰቆጣ የሚደርሰው በአህያ ወይም በተለመነ የጭነት መኪና ነበር። ነጋዴው ደጃችን ድረስ ሲመጣ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው፤ ምክንያቱም እኛ ወደ ሌላ ገበያ መሄጃ እንደሌለን ያውቃል። በጦርነቱ ዓመታት የኮረም መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ማሩ በየቤቱ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው «የራሳችን መኪና» የሚለው ሐሳብ የመጣው።

አዲስ መኪና ለእኛ የሚታሰብ አልነበረም። ያገለገለውም ቢሆን ርካሽ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186/2012፣ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። እንዲህ ሲሆን አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ እያረጀም ዋጋው አልወርድ አለ። እኛ ያገኘናት ባለ ሁለት ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ ሞተሯ 5ኤል የሚባለው፣ 2,986 ሲሲ የሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። ከዚህ አካባቢ ሥራ ጋር የሚስማማ፣ ብዙ መካኒክ የሚያውቀው ሞተር ነው። ምርጫው ዛሬም ስሕተት ነበር አንልም።

ስሕተቱ አመራረጣችን ላይ ነው። ወረቀቱን በሚገባ አየን። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አንድ መሆኑን አመሳከርን፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት አረጋገጥን፤ የሦስተኛ ወገን መድኑን፣ ቦሎውን፣ የስም ዝውውሩን አንድ ሳናጎድል ጨረስን። የሂሳብ ሰዎች ነንና ወረቀት ስናይ ዓይናችን አይተኛም። መኪናዋን ግን ያየናት እንደ ሙሽራ ነው። ቀለሟ አዲስ፣ ወንበሯ አዲስ ልብስ የለበሰ። ከመድረሳችን በፊት ሞተሩ ተነሥቶ ሞቆ ነበር የጠበቀን። ቀዝቃዛ ሞተር ጠዋት ሲነሣ ነው ሕመሙን የሚናገረው፤ ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። ቁልፉ ሲዞር መብራት ከነበረባቸው የዳሽቦርድ ምልክቶች አንዱ እንዳልበራም ልብ አላልንም። ያ ምልክት የታይሚንግ ቤልት መቀየሪያ ጊዜ መድረሱን የሚናገረው ነበር፤ አምፖሉ የለም።

ከአላማጣ ወደ ኮረም ስንወጣ፣ በግራ ካሱ ጠመዝማዛ ላይ፣ የሙቀት መለኪያው ቀይ ገባ። ያ መንገድ በአጭር ርቀት 1,000 ሜትር ያህል ሽቅብ የሚያስወጣ ነው፤ የታመመ መኪና እዚያ ሳይታወቅ አያልፍም። ቆመን፣ አቀዝቅዘን፣ ውኃ ሞላን። ኮረም ደረስን። እዚያ ማደርና መካኒክ መጥራት ነበረብን። እኛ ግን እናቶች ሰቆጣ ላይ ቡና አፍልተው እየጠበቁን ነው ብለን፣ በየመንገዱ ውኃ እየሞላን ገባን። እልልታው አሁንም በጆሯችን አለ። ቡናውም ተጠጣ።

በማግሥቱ መካኒኩ የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍት ውኃው ላይ ዘይት ተንሳፎ ነበር። በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጋስኬት ተቃጥሏል፤ ቴስታታው ራሱም ከሙቀት ብዛት ተጣሟል። ሲፈታ ሁለት ነገር ተገኘ። ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ወጥቷል፤ ይህ ሞተሩ መሞቁን ለመደበቅ ወይም ለማዘግየት የሚደረግ የቆየ ዘዴ ነው። ራዲያተሩም ለዓመታት በተራ የጉድጓድ ውኃ ሲሞላ ኖሮ ቱቦዎቹ በኖራ መሰል ድርቅ ተደፍነዋል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ውኃ በእኛ ድስት የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ገደማ ነው። ባቄላ እንደ ቆላ ቶሎ የማይበስልልን ለዚህ ነው። የመኪና ውኃም እንደዚሁ ቀድሞ ይፈላል። ይህን የሚከላከለው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ስፕሪንጉ ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል። የእኛ ክዳን ላስቲኩ አልቆ ነበር። ከሁሉ ርካሹ ዕቃ እሱ ሆኖ ሳለ፣ ያገኘነው መጨረሻ ላይ ነው።

መካኒኩን «ኮረም ላይ ብንቆምስ ኖሮ?» ብለን ጠየቅነው። «ምናልባት ጋስኬት ብቻ ይበቃ ነበር» አለን። እንግዲህ የጥፋቱ አንዱ ክፍል የሻጭ፣ አንዱ ክፍል የእኛ ነው። ሻጩን ለመጠየቅም አስበን ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ የገዛውን ዕቃ ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጭ ማስታወቅ እንዳለበት ይናገራል። እኛ ግን «አይተንና ወደን ገዝተናል» ብለን ፈርመናል፤ ለማስታወቅም ዘግይተናል። ነገሩን በሽማግሌ ያህል ሞክረን ተውነው።

ያን ሳምንት የተደረገውን ስብሰባ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ገሚሱ «እንዳለች ትሸጥ» አለ። ገሚሱ «ጋስኬቱ ብቻ ይቀየርና ትሂድ» አለ። ከደሃና የመጡ አንዲት እናት ተነሥተው የተናገሩት ግን ከሁሉ በላይ ቆጠቆጠን፦ «ልጆቼ፣ እኛ በሬ ስንገዛ ጥርሱን እናያለን። ጭቃ ውስጥ እናስረግጠዋለን። የዚችን ምኗን አይታችሁ ነው የገዛችሁ?» መልስ አልነበረንም። ዲፕሎማችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ እኛ አቀርቅረን።

ውሳኔው ሙሉ በሙሉ እንድትጠገን ሆነ። ቴስታታው ወደ ደሴ፣ ወደ ሬቲፊካ ቤት ተላከ፤ በቫልቮቹ መካከል ስንጥቅ ስለተገኘበት ሊስተካከል አልቻለም። ስለዚህ ያገለገለ ቴስታታ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ማስመጣት ግድ ሆነ። መጀመሪያ የመጣው የሌላ ሞተር ነበር፤ በስልክ ስንነግር ተደማምጠን አልተግባባንም። ሁለት ሳምንት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ የምናዘው የሞተር ቁጥሩንና የአሮጌውን ዕቃ ፎቶ ልከን ብቻ ነው።

የታይሚንግ ቤልቱም ተቀየረ። ይህ ሞተር ቤልቱ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲቀየር ነው የተሠራው፤ በጉዞ ላይ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም እዚያው ያበቃለታል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው እውነቱን ይናገር አይናገር ማወቅ ስለማንችል ከዜሮ ጀመርን። የፍሬን ሸራው ተበልቶ ብረት ከብረት ሊገናኝ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ይህችን መኪና ወደ አበርገሌ ቁልቁለት፣ ወደ ተከዜ በረሃ ልንልካት ቀጠሮ ይዘን እንደነበር ስናስብ ዛሬም ሰውነታችን ይቀዘቅዛል።

በጋራዥ ደጅ የተማርነው ሌላም አለ። ደረሰኝ ለመጻፍ የዕቃዎቹን ስም መማር ነበረብን። ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ጋቢና፣ ጎማ፤ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 አገራችን ተቀምጦ ሲወጣ የመካኒኩን ቋንቋ ጥሎ ሄደ። የማናውቀውን ዕቃ ዋጋ ልንከራከር አንችልም ብለን አንዲት አባላችን በደብተር መጻፍ ጀመረች፤ ከስሙ አጠገብ ሥራውን፣ ከሥራው አጠገብ በሦስት ሱቅ የጠየቅነውን ዋጋ። ደብተሩ ዛሬ ወፍራም ሆኗል። የመካኒኩ ረዳት ራሱ አንዳንዴ መጥቶ ያየዋል።

ወደ ማሻሻሉ እንምጣ፤ ብዙ ሐሜት ያለው እዚያ ላይ ነው። ሰፊ ቸርኬ፣ ቴፕ፣ አዲስ ቀለም እንድናስገባ የመከሩን ነበሩ። አልተቀበልንም። የተቀበልነው ሦስት ነገር ነው፦ የኋላውን መጫኛ የሚሸፍን የብረት ማዕዘንና ሸራ፣ ታጣፊ አግዳሚ ወንበር፣ የባሌስትራ ማጠናከሪያ። ሸራው ማሩን ከፀሐይና ከአቧራ አዳነልን። ባሌስትራው ግን አሳፍሮናል። ከእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ቅጠል አስጨመርን፤ ባዶዋን ስትሄድ እንደ ፍየል ግልገል መዝለል ጀመረች። በመጀመሪያው ጉዞ ሁለት የማር ባልዲ ክዳናቸው ተከፍቶ ፈሰሰ። አንዱን ቅጠል መልሰን አስወጣን። መካኒኩ ያኔ የነገረንን ለሁላችሁም እንንገር፤ ባሌስትራ ቢጠናከርም ፍሬኑና አክስሉ ያው ናቸው፣ በሊብሬው ላይ ከተጻፈው የጭነት ልክ አንድ ኪሎ አይጨምርም። ስለዚህ «ጠንክራለች፣ ጨምሩበት» የምትሉን እባካችሁ ይቅርባችሁ።

አሁን ለለጋሻችን ጥያቄ። በሂሳብ አሠራር አንድን ንብረት ከገዛን በኋላ ለሥራ ዝግጁ እስኪሆን ድረስ የግድ የወጣው ወጪ በንብረቱ ዋጋ ላይ ይደመራል። ማሻሻልም እንደዚሁ። ሥራ ከጀመረች በኋላ የሚቀየር ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የጎሚስታ ክፍያ ግን የዚያ ዓመት ወጪ ነው። መኪናዋ ሥራ ሳትጀምር ስለተጠገነች ነው በመዝገባችን ላይ ከውሉ ዋጋ በላይ የቆመችው። ነገር ግን አንድ ነገር አናድበሰብስም፤ በኮረምና በሰቆጣ መካከል በግትርነታችን ያበላሸነው ለሥራ ለማዘጋጀት የግድ የወጣ ወጪ አይባልም። የተጣመመውን ቴስታታ ድርሻ እንደ ኪሳራ ለይተን ጽፈነዋል። ዝርዝሩ በቢሮው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ ደረሰኝ ለማይሰጡት ሁሉ በሁለት ምስክር የተፈረመ ማረጋገጫ ተያይዟል።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ከችግር ጊዜ መጠባበቂያው ተበደርን። ጉባኤው ፈቅዷል፤ ቃለ ጉባኤው አለ። ነገር ግን ለሦስት ወር ያህል ለአባላት የአስቸኳይ ብድር መስጠት አልቻልንም። በነዚያ ወራት ልጇ ታሞባት ብድር ጠይቃ ያጣች አባላችን ጊደሯን ሸጣለች። ልጁ ድኗል፤ ጊደሯ ግን አልተመለሰችም። ይህን የምናስገባበት ዓምድ በመዝገባችን ላይ የለም። እሷም ዛሬ እዚሁ ተቀምጣለች፤ ይቅርታችንን በቤቷ ጠይቀናል፣ በፊታችሁም ደግመን እንጠይቃለን። የሚቀጥለው የግልገል ማከፋፈያ ዙር ሲመጣ ቅድሚያ እንዲሰጣት ኮሚቴው ሐሳብ አቅርቧል፤ ውሳኔው የናንተ ነው።

ከመጠባበቂያው የተበደርነው ከኪራይና ከማር ሽያጭ እየተመለሰ ነው፤ ገና አልተጠናቀቀም። እስኪያልቅ ድረስ ለመኪናዋ ከዘይት፣ ከፊልትሮና ከጎማ በስተቀር ምንም አይገዛም። ጎማውም ቢሆን ሁለቱ የፊቶቹ ብቻ፣ ከክረምቱ በፊት።

ከአሁን በኋላ ለማኅበሩ ሞተር ያለው ነገር ሲገዛ፣ የእህል ወፍጮም ይሁን የውኃ ፓምፕ፣ ጠዋት ሳይነሣ ደርሰን ቀዝቅዞ እንዳለ እናየዋለን፤ የማናውቀው መካኒክም ይዘን እንሄዳለን፣ የሻጭ ወዳጅ ያልሆነ። ከግዢ ኮሚቴው ጋርም አንድ የገበሬ እናት እንዲጨመሩ እንጠይቃለን። ያቺን የበሬ ጥያቄ የጠየቁን እናት እሺ ብለዋል፤ «ጥርሱን እኔ አያለሁ» ብለውናል።

ለዛሬ ያለን ይህ ነው። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ናት፤ ኮፈኗን ከፍተን አቁመናታል። ቤልቱ መቼ እንደተቀየረ በነጭ ቀለም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሞተሩ እስካሁን ቀዝቃዛ ስለሆነ ስታስነሡት ድምፁን ስሙት።