አንዲት አምፖልና የአሮጌው ሣጥን ድምፅ

ወጣቶች፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሮጌ ዕቃ ነው። «ይሄማ የሽማግሌ ወሬ ነው» ብላችሁ እንዳትዘጉት። በተለይ ኤሌክትሮኒክስ የምትማሩ፣ ሃንደሳይ ለመሆን የምታስቡ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያፎ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሹክ ውስጥ ስዞር አንድ ከባድ የብረት ሣጥን አየሁ። ፊቱ ላይ ትልቅ መዘውር፣ ውስጡ የመስታወት ቫልቮች። የድምፅ ኦሲሌተር ነበር፤ ማለትም አምፕሊፋየር የሚፈተሽበትን ንጹሕ ድምፅ የሚያመነጭ መሣሪያ። በርካሽ ገዛሁት።

ቤት እንደገባሁ ምን አደረግሁ? ቀጥታ ሶኬት ላይ ሰካሁት። ጀርባው ላይ 115 ቮልት ይላል፤ የእኛ መብራት 230 ነው። አላነበብኩትማ! ወዲያው ጨሰ። ነቀልኩና ክዳኑን ከፍቼ እጄን ሰደድኩ። ተነቅሏል ብዬ እኮ ነው! ካፓሲተሩ ግን ኤሌክትሪኩን ይዞ ጠበቀኝ። እስከ ትከሻዬ መታኝ፣ ከነወንበሬ ወደቅሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፍኩ።

ስለዚህ አደራ! በቫልቭ መሣሪያ ውስጥ 300 ቮልትና ከዚያም በላይ መኖሩ የተለመደ ነው። ከተነቀለም በኋላ ይቆያል። መጀመሪያ በሬዚስተር አስወጡት፣ በቴስተር ለክታችሁ ዜሮ መሆኑን እዩ፣ ከዚያ ንኩ። ብቻችሁን አትሥሩ። የድሮ የወረቀት ካፓሲተሮች ደግሞ በዕድሜ ብዛት ስለሚያፈሱ ሳትቀይሯቸው አታብሩት።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱ ያለው አንዲት አምፖል ውስጥ ነው።

ኦሲሌተር የሚሠራው የአምፕሊፋየሩን ድምፅ መልሶ ወደ ራሱ በማስገባት ነው። የሚመለሰው ካነሰ ድምፁ ይሞታል፤ ከበዛ ይዛባል። ልኩን ማን ይጠብቅ? ቢል ሂውለት ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ትንሽ አምፖል አስገባበት። ድምፁ ሲጠነክር የአምፖሉ ክር ይሞቃል፤ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይጨምራል፤ ያኔ ድምፁ ይቀንሳል። ሲደክም ደግሞ ክሩ ይቀዘቅዛል፣ ድምፁ ይነሣል። በቃ፣ ራሱን በራሱ ይቆጣጠራል!

ሂውለትና ጓደኛው ዴቭ ፓካርድ ፓሎ አልቶ ከተማ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ በ538 ዶላር ጀመሩ። የመጀመሪያ ምርታቸውን 200ኤ አሉት፤ ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ጀማሪ እንዳይመስሉ ነው። ዋጋው 54 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነበር፤ የሌሎቹ ግን ከ200 ዶላር በላይ። ዋልት ዲዝኒ በ1940 ለወጣው «ፋንታዚያ» ፊልም የድምፅ ሥራ ተከታዩን ሞዴል፣ 200ቢን፣ ስምንት ገዛ። ያ ጋራዥ ነው እንግዲህ ዛሬ ኤችፒ የምንለው።

የኔን ሣጥን አንድ አዛውንት ቴክኒሻን አጠገቤ ተቀምጠው አስጠገኑኝ። ትራንስፎርመርና ካፓሲተር ቀየርን፤ ብዙ ወራት ፈጀ። የዛሬው መሣሪያ ቺፑ ውስጥ ሁሉን ደብቆታል። እዚህ ግን እያንዳንዱ ሥራ በዓይን ይታያል። ትምህርት ቤት በቀመር ብቻ ያወቅሁት ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የአያቶቻችሁ ወይም የጎረቤት አሮጌ ራዲዮ ካለ አትጣሉት። ግን መጀመሪያ ጀርባውን አንብቡ። እጃችሁን ሳትሰዱ ደግሞ ለኩ!

በሉ፣ በሰላም ያገናኘን። ለሂትራኦት!