አግዳሚ መቀመጫ በስፖርት አውቶሞቢል ውስጥ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተፈቀደልኝ ርእስ ከግድብና ከድልድይ ጎን ሲቆም ትንሽ መስሎ እንደሚታይ አውቃለሁ። የምናገረው ስለ መቀመጫ ነው፤ ይኸውም የአሜሪካ ፋብሪካዎች በ1960ዎቹ ዓመታት በስፖርታዊ አውቶሞቢሎቻቸው ውስጥ፣ ገዢው ጠይቆ ሲከፍል ብቻ ይገጥሙት ስለ ነበረው አግዳሚ የፊት መቀመጫ። ርእሱን የመረጥሁት በዚሁ መቀመጫ ላይ የሠራሁት ስሕተት እስከ ዛሬ ስለሚቆረቁረኝ ነው፤ እርሱንም በስፍራው እናገራለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፎርድ ኩባንያ ሙስታንግን ለሕዝብ ያቀረበው ኤፕሪል 17 ቀን 1964 ነው። አውቶሞቢሉ በአብዛኛው የተሠራው ፋልከን ከተባለው ርካሽ የቤተሰብ መኪና ክፍሎች ነበር። ስለዚህ ገዢው የስፖርት መኪና ገዛሁ ብሎ እንዲያምን፣ ዓይኑ የሚያርፍባቸውና እጁ የሚነካቸው ነገሮች መለወጥ ነበረባቸው። ከነዚህ ዋነኞቹ ሁለት ነበሩ፤ ለየብቻ የቆሙ ሁለት የፊት መቀመጫዎችና ከወለሉ ላይ የሚወጣ የካምቢዮ ዘንግ። ሁለቱም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጡ ነበር።

ነገር ግን ኩባንያው በራሱ ሐሳብ ፈጽሞ የተማመነ አይመስልም። በአግዳሚ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ መንዳት የለመደው አሜሪካዊ ቢከፋውስ? በመሆኑም መካከሉ ላይ የሚታጠፍ የክንድ ማሳረፊያ ያለው አግዳሚ መቀመጫ በምርጫ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። የተገኘውን መልስ ከማምረቻው መዝገብ እናንብብ። በ1965 ሞዴል ከተሠሩት 559,451 ሙስታንጎች አግዳሚ የተገጠመላቸው 17,016 ብቻ ናቸው፤ ከመቶ ሦስት ማለት ነው። ከነዚህ 14,905ቱ ድፍን ጣሪያ ያላቸው፣ 2,111ዱ ጣሪያቸው የሚታጠፍ ነበሩ። በ1966 ቁጥሩ ወደ 24,587 ከፍ አለ፤ ከመቶ አራት ያህል። በ1967 ደግሞ ወደ 9,399 ወረደ። ጣሪያው እስከ ኋላ በተዳፋት ለሚወርደው ዓይነት ግን እስከ 1968 ድረስ ፈጽሞ አልተፈቀደም ነበር፤ በዚያ ዓመት ሲፈቀድም 1,335 ብቻ ተሠሩ። በ1970 ዝርዝር ውስጥ አግዳሚው የለም።

ተወዳዳሪው ሸቭሮሌም በካማሮ ላይ ያንኑ መንገድ ተከተለ። በ1967 አግዳሚውን በ26 ዶላር ከ35 ሳንቲም ሲያቀርብ ከ220,906 መኪናዎች 6,583ቱ ወሰዱት፤ በ1968 ግን 4,896 ብቻ። ሸቭሮሌ ሦስተኛ ዓመት አልጠበቀም።

ለምን አልተወደደም? ፋሽን ነው ብሎ ማለፍ ይቀልላል፤ እኔ ግን ምክንያቱ በወለሉ ላይ ያለ ይመስለኛል። በካማሮ ላይ መደበኛው የካምቢዮ ዘንግ ከመሪው ዓምድ ላይ ስለ ነበረ አግዳሚው ቢያንስ ባዶ ወለል ያገኝ ነበር። ሙስታንግ ግን አግዳሚ ቢገጠምለትም ዘንጉ ከወለሉ አልተነሣም። በመሆኑም ሦስተኛው ሰው የሚቀመጠው የትራንስሚሽኑ ዘንግ በሚያልፍበት ጉብታ ላይ፣ የካምቢዮውን ዘንግ በጉልበቶቹ መካከል አድርጎ ነው። በአገራችን በጭነት መኪና ጋቢና መካከል ተቀምጦ የተጓዘ ሁሉ ይህን ያለ ሥዕል ይረዳዋል።

ሌላው ነገር የጎን ድጋፍ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሬዲየሱ 50 ሜትር የሆነ ኩርባ ሲዞር የጎን ፍጥንጥነቱ በሰከንድ ካሬ 5.6 ሜትር ያህል ይሆናል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ነጂ በመቀመጫው ላይ ለመያዝ ወደ 390 ኒውተን የሚጠጋ ኃይል ያስፈልጋል። ኩርባው ወደ ቀኝ ከሆነ በሩ ይይዘዋል፤ ወደ ግራ ከሆነ ግን በለስላሳው ቪኒል ላይ የሚይዘው ሰበቃ ብቻ ስለሆነ መሪውን እንደ መደገፊያ ይጨብጣል። መሪውን የሚደገፍ ሰው ደግሞ በትክክል ሊመራ አይችልም። ጎኑ ከፍ ያለ ነጠላ መቀመጫ ይህን ሸክም ከእጁ ይወስድለታል። የዚያን ዘመን ነጠላ መቀመጫዎች በዚህ ረገድ እጅግ የተመሰገኑ እንዳልነበሩ ግን በቅንነት መናገር ይገባል።

አግዳሚ ከስፖርት ጋር አይስማማም የሚለውም ፍርድ ቢሆን ሙሉ እውነት አይደለም። ከ1955 እስከ 1957 የተሠራው ባለ ሁለት ሰው የፎርድ ተንደርበርድ መደበኛ መቀመጫው አግዳሚ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ስሠራ፣ አንድ አዛውንት የ1965 ሞዴል ሙስታንጋቸውን እንድናድስላቸው አመጡ። የፊት መቀመጫው አግዳሚ ነበር፤ ልባሱ ተቀዳዶ ሞላዎቹ ወጥተዋል። እኔም ወዲያው ፈረድሁ፤ «አባባ፣ ይህ የፋብሪካ አይደለም፤ ከሌላ መኪና ተነቅሎ የገባ ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ ከተገዛች ጀምሮ እኔ የማውቀው ይህንኑ ነው» አሉኝ። በዲግሪዬ ተመክቼ አልሰማኋቸውም። ሁለት ነጠላ መቀመጫዎች ከውጭ አገር ታዘዙ፤ አግዳሚው ከጋራዡ ጓሮ ተጣለ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በሮቹን ለቀለም ስናዘጋጅ፣ በነጂው በር ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ በነጭ ጋዝ አጠብኋት። 65C የሚል ጽሑፍ ወጣ። 65 ድፍን ጣሪያ፣ C ደግሞ አግዳሚ መቀመጫ ማለት ነው። ከ14,905ቱ አንዱ በእጄ ነበር። ወደ ጓሮው ሮጥሁ፤ መቀመጫውን ቁራሌው ወስዶት ነበር።

በዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። የሻንሲው ቁጥር 07 ወይም 08 እያለ የአካሉን ዓይነት ይገልጻል እንጂ ስለ መቀመጫው አንዳች አይናገርም። መኪናው ራሱ የሚሸከመው ግልጽ ምስክር በበሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ነው። በሩም ዝጎ ስለ ነበር በሌላ እንዲለወጥ ታስቦ ነበር፤ ሰሌዳዋን ካነበብሁ በኋላ ግን ተከራክሬ በዚያው በር ላይ የብየዳ ሥራ እንዲሠራ አደረግሁ። ይህ ከስሕተቴ የተረፈው ብቻ ነው።

ለአዛውንቱ እውነቱን በነገርኋቸው ጊዜ አልተቆጡም። ስለ ቁጥሩ ብርቅነት ሳወራም ብዙ አላዳመጡኝም። አዲሶቹን መቀመጫዎች በእጃቸው ዳሰስ አድርገው፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ባዶ ስፍራ እያዩ፣ «ልጄ እዚህ ላይ ነበር የምትቀመጠው» አሉኝ።

መኪናዋ ዛሬም ትሠራለች፤ ሰሌዳዋም 65C እንዳለች ናት። ከናንተ መካከል በየጋራዡ ጥግ የ1965 ወይም የ1966 ሙስታንግ የአግዳሚ ብረት የሚያይ ቢኖር፣ ልባሱ ባይኖረውም፣ ሞላው ቢበጠስም፣ ለቁራሌው ከመሸጡ በፊት እንዲያስታውቀኝ እለምናለሁ።