የድሃ ጠበቃ የነበሩት ዳኛ

ወገኖቼ! ተከሶ ችሎት የቆመ ሰው የሚባለው ነገር ካልገባው፣ እንደተፈረደበት እንጂ ለምን እንደተፈረደበት አያውቅም። ዛሬ የምነግራችሁ ይህን ስለተረዱ አንዲት አሜሪካዊት ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ድሃ ጠበቃ በነጻ ይቆምለታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን የወሰነው በ1963 ነው። ወይዘሮ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ከ2005 እስከ 2007 በዋሽንግተን እንዲህ ያለ ተከላካይ ጠበቃ ነበሩ። ይግባኝ ላሉ ሰዎች ሲከራከሩ አንድ ነገር ታዘቡ። ብዙዎቹ በገዛ ጉዳያቸው ችሎት ላይ ምን እንደተደረገ አልገባቸውም!

በ2013 እሳቸው ራሳቸው ዳኛ ሆኑ። ታዲያ ከጠበቃው ጋር ብቻ አይነጋገሩም ነበር። ተከሳሹን በስሙ ይጠሩት ነበር። አሁን የሚደረገው ይህ ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ያ ነው እያሉ ያስረዱት ነበር።

በ2022 ፕሬዚዳንት ባይደን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት አጯቸው። በምክር ቤቱ አንዳንዶች፣ በሽብር ለተጠረጠሩ ሰዎች ተከራክረዋል ብለው ወቀሷቸው። እንዴ! ተመድቦ የሚሠራ ተከላካይ ጠበቃ እኮ ተከሳሽ አይመርጥም። ሐኪምስ በሽተኛ ይመርጣል?

ድምፅ ተሰጠ። 53 ደገፉ፣ 47 ተቃወሙ። በጁን 30 ቀን 2022 ቃለ መሐላ ፈጽመው ወንበሩን ያዙ። ለዚያ ወንበር ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ናቸው፤ ከፌዴራል ተከላካይ ጠበቆችም እንዲሁ።