የጣና ደንገልና የሸራ ጀልባ



ከሆሳዕና፣ ከሾኔና ከዱራሜ የመጣን ተማሪዎች ስለ ሸራ ጀልባ ልንናገር ስንነሣ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፡፡ እውነት ነው፤ ያደግነው በእንሰት መካከል ነው፤ የምናውቀውም ሐይቅ በሻሸጎ ያለው ቦዮ ነው፡፡ ይሁን እንጂ የጣና ደንገል ሸራ ተሰቅሎበት ውቅያኖስ መግባቱን ካነበብን ወዲህ ነገሩ የባዕድ ጉዳይ መስሎ አልታየንም፡፡

የጣና ታንኳ በሰው ክንድ እንጂ በሸራ አይሄድም፡፡ ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና የተወሰደውን ደንገል በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ በቻድ ሐይቅ ባለሙያዎች አሳስሮ «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠራ፡፡ ሰባት ሆነውም ከሞሮኮ ተነሡ፡፡

ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ሸራውን እንደሚገፋ ሁሉም ያውቃል፡፡ የሚያስገርመው ከጎን ሲነፍስ ነው፡፡ እርጥብ የዱባ ፍሬ በሁለት ጣት ሲጨመቅ ወደ ፊት ይፈናጠራል፤ ጀልባይቱንም ነፋስ በሸራው፣ ውሃ ደግሞ ከሆዷ በታች በተተከለው ሳንቃ ከሁለት ወገን ሲጫኗት መውጫዋ ወደ ፊት ይሆናል፡፡ ሳንቃው ከሌለ እንደ ቅጠል ወደ ጎን ትወሰዳለች፡፡ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ በቀጥታ መሄድ ግን አይሆንላትም፤ ዳገት እንደሚወጣ ሰው እየተጠማዘዘች ትወጣዋለች እንጂ፡፡ መሪዋም የሚታዘዘው ውሃ ሲፈስበት ነው፤ የቆመች ጀልባ አትመራም፡፡

እንዳትገለበጥ ወይ ሰፊ መሆን፣ ወይ ከታች ክብደት መያዝ አለባት፡፡ ይህን የተማርነው ባሕር ዳር ነው፤ ከእኛ አንዱ ፎቶግራፍ ለማንሣት ታንኳው ላይ ብድግ ቢል ታንኳው ዘመም አለ፤ ቀዛፊው አባትም «ልጄ፣ ቁጭ በል!» ብለው ጮኹበት፡፡ ክብደቱ ሽቅብ ወጥቶ ነበርና፡፡

ወደ ራ እንመለስ፡፡ የመሪ መቅዘፊያዎቿ ገና በመጀመሪያው ተሰበሩ፡፡ ከዚያ የባሰው ግን የገመድ ጉዳይ ነው፤ በጥንት ግብፃውያን ሥዕል የጀልባው የኋላ ጫፍ እንዳይወርድ ወደ ላይ የሚይዝ ገመድ አለ፤ በራ ላይ ያ ገመድ ቀረ፡፡ ስለዚህ ኋላዋ ወደ ውሃ ሰመጠ፤ ደንገሉም ጠጣ፡፡ የጣና ቀዛፊዎች ታንኳቸውን ዳር አውጥተው ያደርቁታል፤ ራ ማረፊያ ዳር አልነበራትም፡፡ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደች በኋላ ሰዎቹ ጥለዋት በሌላ መርከብ ዳኑ፡፡

በ1970 የቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎች የሠሯት «ራ 2» ግን በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች፡፡

የሸራውን ሥዕል ሰሌዳው ላይ ስለነዋል፤ ጥያቄ ያለው ይነሣ፡፡