ስፔሻሊስት ወይስ ጠቅላላ ሐኪም?

እሷ፦ ወጣቱ ሐኪም ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ ዘመድ አዝማዱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ስፔሻላይዝ የምታደርገው በምንድን ነው?»

እሱ፦ ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። የጠቅላላ ሐኪም ደመወዝ ትንሽ፣ ተረኝነቱ ብዙ ነው። የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ የሥራ ዕድሉ ይሰፋል። ማን ይፈርድበታል?

እሷ፦ እኔ አልፈርድም። የሚቆጨኝ ጠቅላላ ሐኪምነት እንደ አውቶቡስ መጠበቂያ መታየቱ ነው። እስቲ የወረዳ ሆስፒታሉን ተረኛ አስበው። እኩለ ሌሊት ላይ ምጥ የጠናባት እናት፣ ትኩሳት ያንቀጠቀጠው ሕፃን፣ ስኳራቸው ከፍ ያለባቸው አዛውንት ሁሉም እሱ ዘንድ ይመጣሉ። ማንን እዚያው ማከም፣ ለማን ሪፈር መጻፍ እንዳለበት በደቂቃዎች ውስጥ ይወስናል። ይህ ትልቅ ሙያ ነው!

እሱ፦ ነው እንጂ። ግን የሚያማክረው ሲያጣ ይደክማል፤ ሲደክምም ይለቃል።

እሷ፦ ሌላም መንገድ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ጀምሯል። ሕፃኑንም እናቱንም አያቱንም የሚያክም ስፔሻሊስት ማለት ነው።

እሱ፦ ወጣት ሐኪሞች፣ ልባችሁ ቀዶ ሕክምና ካለ ግቡበት። የዘመድ ጥያቄ ብቻ ግን አይግፋችሁ።

እሷ፦ ጤና ሚኒስቴርና ክልሎችም ወረዳ ላይ ለሚቆየው ሐኪም ደመወዙንና የሥልጠና ዕድሉን አሻሽሉለት።