የይፋግ ወይን

አቅራቢ አንድ፦ ከሐሙሲት በወረታ በኩል ወደ አዲስ ዘመን ሲታለፍ የምትገኘው ይፋግ በቀድሞው ዘመን በወይን እርሻዋ የታወቀች የገበያ ስፍራ እንደነበረች የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል።

አቅራቢ ሁለት፦ እውነት ነው፤ ያ ዝና ታዲያ በምን ምክንያት ጠፋ?

አቅራቢ አንድ፦ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኦይዲየም፣ ማለትም ቅጠሉንና ዘለላውን ዱቄት በመሰለ ነጭ ሻጋታ የሚሸፍነው በሽታ፣ ተክሉን ክፉኛ ጎዳው፤ በዚያው ዘመን የፈረንሳይን እርሻዎችም ያጠቃ ሲሆን፣ የዚያ አገር ገበሬዎች ግን የድኝ ዱቄት እየነሰነሱ ተክላቸውን አትርፈዋል።

አቅራቢ ሁለት፦ ስለዚህ ዛሬ ቅምሻ፣ ይኸውም የወይን ጠጁን ቀለም አይቶ፣ አሽትቶና በአፍ አቆይቶ ጥራቱን መመዘን፣ የሚሻ ሰው የወይን እርሻ እስካለባት እስከ ዝዋይ ሊወርድ ነው።

አቅራቢ አንድ፦ የይፋግ አካባቢ ተዳፋት ግን ውሃ ስለማያቁር ለወይን ሥር ይስማማል።

አቅራቢ ሁለት፦ ተዳፋት ብቻውን አይበቃም፤ ቅርንጫፍ የሚገርዝ ባለሙያ፣ የሻጋታ መከላከያና ገዢ ያስፈልገዋል።

አቅራቢ አንድ፦ ገዢውስ ቅርብ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት ለቅዳሴ ዘቢብ፣ ማለትም የደረቀ የወይን ፍሬ፣ ይፈልጋሉ።

አቅራቢ ሁለት፦ ይህስ አሳማኝ ነው፤ እንግዲያው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከይፋግ ገበሬዎች ጋር ሆነው በጥቂት መደብ ሊሞክሩት ይገባል።