ሰውነት የሚያስታውሰውና የሚረሳው፦ ከኩፍኝ የምንማረው



በዛሬው ንግግሬ የማነሣቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ሰውነታችን አንድ ጊዜ ያሸነፈውን በሽታ እንዴት ያስታውሳል? ይህን ትውስታስ ሊያጣው ይችላልን?

እ.ኤ.አ. በ1846 በሰሜን አትላንቲክ በሚገኙት የፋሮ ደሴቶች የኩፍኝ ወረርሽኝ ተነሣ። ከ7,800 ያህል ነዋሪዎች መካከል ወደ 6,000 የሚጠጉት ታመሙ። ሁኔታውን እንዲያጠና የተላከው ወጣቱ ዴንማርካዊ ሐኪም ፒተር ፓኑም አንድ አስደናቂ ነገር አስተዋለ። ኩፍኝ ከዚያ በፊት በደሴቶቹ የታየው በ1781 ነበር። ያን ጊዜ ታመው የዳኑና በሕይወት የቆዩ አዛውንት፣ 65 ዓመት ቆይቶ በመጣው ወረርሽኝ አንዳቸውም ዳግመኛ አልተያዙም።

ፓኑም ምክንያቱን ለማወቅ የሚያስችል መሣሪያ አልነበረውም። ዛሬ ግን ሂደቱን በሚገባ እናውቀዋለን። ቆዳ፣ ንፍጥና የጨጓራ አሲድ የመጀመሪያዎቹ አጥሮች ናቸው። እነዚህን አልፎ የገባን ተሕዋስ፣ ዋጭ ሕዋሳት በሰዓታት ውስጥ እየዋጡ ያጠፉታል። አንዳንዶቹ ደግሞ የወራሪውን ቁራጭ ይዘው ወደ ንፍፊት ይጓዛሉ። በዚያም ከሚሊዮኖች መካከል ለዚያ ቁራጭ የሚገጥም ተቀባይ ያለው ሕዋስ ተለይቶ ይራባል። ቢ-ሕዋሳት ፀረ እንግዳ አካላትን ያመነጫሉ፤ ቲ-ሕዋሳት በቫይረስ የተያዙትን ሕዋሳት ይገድላሉ። ይህ ዝግጅት ቀናትን ስለሚወስድ፣ በመጀመሪያው ግጥሚያ ሕመሙ ይቀድመናል። ድሉ ከተገኘ በኋላ አብዛኞቹ ተዋጊዎች ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን የትውስታ ሕዋሳት ሆነው ይቀራሉ። በመቅኔ ውስጥ ሰፍረው ለአሥርት ዓመታት ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመነጩም አሉ። የፋሮን አዛውንት የጠበቃቸው ይህ ነው።

ነገር ግን ኩፍኝ ሌላም ገጽታ አለው። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ሲገባ፣ በትውስታ ሕዋሳት ላይ በብዛት የሚገኘውን አንድ ፕሮቲን እንደ በር ይጠቀምበታል። ስለዚህ የሚያጠቃው ራሱን መዝገብ ቤቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት፣ ያልተከተቡ 77 የኔዘርላንድስ ልጆች ከኩፍኝ በፊትና በኋላ የሰጡት ደም ተመርምሮ ነበር። ልጆቹ በሌሎች ተሕዋስያን ላይ ከነበሯቸው የፀረ እንግዳ አካላት ዓይነቶች ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆኑትን አጥተው ተገኙ። ኩፍኝን ያስታውሳሉ፤ ከዚያ በፊት የተማሩትን ግን ረስተዋል። ከኩፍኝ የዳነ ልጅ ከወራት በኋላ በሳንባ ምች ወይም በተቅማጥ ለምን እንደሚጠቃ ይህ ግኝት በከፊል ያብራራልናል።

«ልጅ ታሞ ሲድን ይጠነክራል» የሚለውን አባባል ሁላችንም ሰምተነዋል። በኩፍኝ ረገድ ግን እውነቱ ተቃራኒው ነው። ክትባቱ የተዳከመውን ቫይረስ በማስተዋወቅ ትውስታውን ያተርፍልናል፤ የቀደመውንም መዝገብ አያጠፋም።

ታዲያ ሕፃኑን እንደተወለደ ለምን አንከትበውም? ከእናቱ በእንግዴ ልጅ በኩል የተቀበላቸው ፀረ እንግዳ አካላት ለወራት ይጠብቁታል፤ እነርሱው ግን የክትባቱን ቫይረስ ሥራውን ሳይሠራ ያከሽፉታል። በአገራችን የመጀመሪያው ክትባት በ9ኛው ወር የሚሰጠው ስለዚህ ነው። በዚያ ዕድሜ ከተከተቡት መካከል ትምህርቱን በሚገባ የማይቀበል ሰውነት ያላቸው ስላሉ፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለተኛው ክትባት በ15ኛው ወር ይሰጣል።

በእነዚህ ወራት መካከል ግን ክፍተት አለ። የእናቱ ስንቅ ያለቀበት፣ የራሱን ገና ያላገኘ ሕፃን በዙሪያው ካሉት ሰዎች በቀር መከታ የለውም። የኩፍኝን መተላለፍ ለመግታት ከኅብረተሰቡ 95 በመቶ ያህሉ የመከላከል አቅም ሊኖረው ይገባል። ስለሆነም የአንዱ ሰውነት ትውስታ ለሌላው ሕፃን አጥር ነው። ነገ በየጤና ጣቢያው የምትመደቡ ተማሪዎቼ፣ የተከታዩን ክትባት ቀን ለአንዲት እናት ስትነግሩ ይህን አስረዷት፤ ቀኑን ብቻ ነግራችሁ አትሸኟት።